የበረንዳችን ቋሚዎች፦ ከአምስት ወደ ሦስት

እማዬ ሐሳባችንን ስትሰማ «ቋሚውን ከነቀላችሁ ጣሪያውን ማን ሊሸከመው ነው?» አለች። ወንድሜ ሳቀባት። እኔ ግን ትክክለኛው ጥያቄ እሱ እንደነበር ደጋግሜ ነግሬዋለሁ። ከዚያ በኋላ የሠራነው ሥራ በሙሉ ለዚያ ጥያቄ መልስ መፈለግ ነው።

ቤታችን ጎንደር፣ ሳሙና በር ነው። በረንዳው 8 ሜትር ይረዝማል፣ ከግድግዳው 3 ሜትር ይወጣል። ከፊት በኩል በየ2 ሜትሩ አምስት የባህር ዛፍ ቋሚ ቆሞ ነበር። በላያቸው የጣሪያውን ወራጆች የያዘ ረዥም ባህር ዛፍ፣ አግዳሚው፣ ተጋድሟል። ሁለተኛው ቋሚ የቆመው ልክ በሩ ፊት ላይ ነው። የጽዋ ማኅበር ተራ ሲደርሰን አግዳሚ ወንበር እንደልብ አይዘረጋም፤ ሶፋ ለማስገባት ደግሞ ጣጣው ለብቻው ነው። የቸኮልንበት ምክንያት ግን ምስጥ ነው። የመሃለኛው ቋሚ ሥሩ ላይ ካቻቢቴ ብሰካበት እስከ እጀታው ድረስ ሰተት ብሎ ገባ። መለወጡ ላይቀር፣ ለምን ሁለቱን ቀንሰን በሦስት አናቆመውም አልን።

በመጀመሪያ የመጣው በያጅ ጎበዝ ልጅ ነው፣ እጁም ጥሩ ነው። ሜትሩን ዘርግቶ «እህቴ፣ አርኤችኤስ በ6 ሜትር ነው የሚሸጠው። አንዱን ሙሉውን፣ ከሌላው 2 ሜትር ቆርጬ በይጄ እዘረጋልሻለሁ» አለኝ። አርኤችኤስ የሚባለው ውስጡ ባዶ የሆነ ባለ አራት ማዕዘን ብረት ነው፤ በአሮጌው አግዳሚ ፈንታ የሚገባው እሱ ነው። ቀላል ነገር መሰለኝ። እሺ ከማለቴ በፊት ሲቪል መሐንዲስ ለሆነው ለአጎቴ ልጅ ደወልኩለት። እሁድ ከቅዳሴ መልስ መጥቶ በረንዳውን ዞሮ አየና ከበያጁ ጋር ቁጭ ብለው ተነጋገሩ።

ወንድሜ «መሃሉንም እናንሳውና ዳርና ዳር ሁለት ብቻ ይቁሙ» ብሎ ነበር። የአጎቴ ልጅ ወረቀት አወጣ። አንድ አግዳሚ ውፍረቱ ሳይቀየር በሁለት ቋሚ መካከል ያለው ርቀት እጥፍ ቢሆን፣ በየሜትሩ የሚያርፍበት ጭነት ያው ሆኖ እንኳ፣ ጉብጠቱ 16 እጥፍ ይሆናል። ከ2 ሜትር ወደ 4 ሜትር ስንሄድ 16 እጥፍ፣ ወደ 8 ሜትር ብንሄድ 256 እጥፍ ማለት ነው። ወንድሜ ቁጥሩን ሲያይ ዝም አለ። 4 ሜትርን በአቅማችን በሚገዛ ብረት መሸከም ይቻላል፤ 8 ሜትርን ግን አይቻልም።

የመረጥነው 10 በ5 ሳንቲም የሆነ፣ ውፍረቱ 3 ሚሊ አርኤችኤስ ነው። መቆም ያለበት በጠባቡ ጎን ነው፣ 10 ሳንቲሙ ሽቅብ ሆኖ። አጋድማችሁ ብታስቀምጡት ያው ብረት፣ ያው ዋጋ ሆኖ ጉብጠቱ ሦስት እጥፍ ይሆናል። ብዙ በረንዳ ላይ ተጋድሞ አይቼዋለሁ፣ «ለወራጁ ሰፊ መቀመጫ ይሆናል» እየተባለ። እባካችሁ አቁሙት።

በጣም የወደድኩት ደግሞ የመጋጠሚያው ነገር ነው። በያጁ እንዳለው 6 እና 2 ቢሆን ኖሮ ብየዳው የሚያርፈው በሁለተኛው ክፍተት፣ ማለትም በመሃለኛውና በዳሩ ቋሚ መካከል፣ እኩሌታ ላይ ነው። እዚያ ብረቱ አጥብቆ ሊጎብጥ ይፈልጋል፣ ስለዚህ ብየዳው ላይ ጫናው ይበረታል። የአጎቴ ልጅ «5 እና 3 አድርገው» አለው። ያኔ መጋጠሚያው ከመሃለኛው ቋሚ በ1 ሜትር ይርቃል። ብረቱ በመሃለኛው ቋሚ ላይ ሳይቆረጥ ስለሚያልፍ ቋሚው ላይ ወደ ላይ፣ ክፍተቱ ውስጥ ደግሞ ወደ ታች ይጎብጣል። አንዱ ጉብጠት ወደ ሌላው የሚለወጥበት ቦታ፣ ጭነቱ በሁለቱም ክፍተት እኩል ሲሆን፣ ከመሃለኛው ቋሚ የርቀቱ ሩብ ላይ ነው። እዚያ ነጥብ ላይ ብረቱ ወደ ላይም ወደ ታችም ስለማይጎብጥ ብየዳው አይጨነቅም። እኛ ዘንድ ያ ልክ 1 ሜትር ሆነ። አንድ ብር አልጨመርንም፤ የተለወጠው የተቆረጠበት ቦታ ብቻ ነው። በያጁም «ከዛሬ ጀምሮ እንዲህ ነው የምቆርጠው» አለ።

ወደ እማዬ ጥያቄ ልመለስ። ሁለት ቋሚ ሲነሳ የጣሪያው ክብደት አልተነሳም። ዳርና ዳር ያሉት ሸክማቸው ወደ እጥፍ ይጠጋል፣ የመሃለኛው ደግሞ ከእጥፍ ያልፋል። እኛ ግቢ አፈሩ መረሬ ነው፤ ክረምት ያብጣል፣ በጋ ይሰነጠቃል። የድሮዎቹ ቋሚዎች እንዲሁ አፈር ውስጥ የተቀበሩ ነበሩ። ስለዚህ ለእያንዳንዱ አዲስ ቋሚ ጠንካራ መሬት እስኪገኝ ተቆፍሮ 60 በ60፣ ከፍታው 50 ሳንቲም የሆነ ኮንክሪት ተሞላ። ከብረቱ ይልቅ ጊዜና ገንዘብ የበላው ይህ ነው። ሠራተኞቹ በማግስቱ ቋሚ ሊያቆሙ ፈልገው ነበር፤ አልፈቀድኩም። አንድ ሳምንት ጠዋትና ማታ ውሃ አጠጣሁት። ኮንክሪት ጥንካሬው የሚለካው በ28 ቀን ነው፣ መቸኮል አያስፈልግም።

ፋሲል ግቢ ስሄድ አሁን ዓይኔ ሌላ ነገር ያያል። በ17ኛው ክፍለ ዘመን የተሠሩት ቅስት በሮችና መስኮቶች መሃላቸው ላይ ቋሚ የለም። ቀያዮቹ የቅስት ድንጋዮች ክብደቱን ወደ ጎን ይገፉታል፣ ጎን ያለው ወፍራም ግድግዳ ይቀበለዋል። እዚያም ክብደቱ መሄጃ ተበጅቶለታል።

በሥራው ቀን ወራጆቹን ከውስጥ በኩል በጊዜያዊ ድጋፍ ያዝናቸው፤ ድጋፉ እንዳይሰምጥ ከሥሩ ወፍራም ጣውላ ተነጥፏል። ከዚያ በመኪና ክሪክ ቀስ እያልን ጥቂት ሚሊ ሜትር ብቻ አነሳን፣ አሮጌው አግዳሚ እስኪላላ። ከዚያ በላይ ከተነሳ የቆርቆሮው ሚስማር ቀዳዳ ይሰፋና ክረምት ላይ ያፈሳል። አዲሱ ገብቶ ድጋፉ ከወጣ በኋላ ከዳር እስከ ዳር ሲባጎ ወጠርን። በሁለቱም ክፍተት ጉብጠቱ 2 ሚሊ ሜትር ገደማ ነበር። ወንድሜ ተንበርክኮ ደጋግሞ ለካው።

ብዙ ሰው የሚረሳው ነፋስን ነው። ቆርቆሮ ቀላል ነው። ክረምት ሊገባ ሲል የሚመጣው ነፋስ ከበረንዳ ሥር ገብቶ ሽቅብ ያነሳዋል። ቋሚ ጣሪያውን ከታች ይደግፋል ብቻ ሳይሆን እንዳይበርም ይይዘዋል። ሁለት መያዣ ስለቀነስን ወራጆቹን በሙሉ በብረት ማሰሪያና በብሎን ከአግዳሚው ጋር አሰርናቸው። አዲሶቹ የብረት ቱቦ (ቱቦላሬ) ቋሚዎችም በፕሌትና በአራት አራት ብሎን ከኮንክሪቱ ጋር ተያይዘዋል። አንዱ መሠረት ከ400 ኪሎ በላይ ስለሚመዝን ነፋሱ በቀላሉ አይነቀንቀውም። የአግዳሚው ሁለት ጫፍ ውሃ እንዳይገባ በላሜራ ተደፍኗል፣ ብየዳው በግራይንደር ተስተካክሎ ሁለት ጊዜ አንቲረስት፣ የዝገት መከላከያ ቀለም፣ ተቀብቷል።

እማዬ አሁን ወንበሯን በሩ ፊት፣ ድሮ ቋሚው በነበረበት ቦታ ታወጣለች። ሰኔ ሳይገባ ብሎኖቹን መልሼ አጠብቃለሁ፣ የተላጠ ቀለም ካለም እቀባለሁ። እንዲህ ያለ ሥራ ያሰበ ካለ የበረንዳውን ርዝመትና የአፈሩን ዓይነት ጽፋችሁ መጀመሪያ መሐንዲስ ጋ ሂዱ፣ ብረቱ ከዚያ በኋላ ይገዛል።