ከሮቶው ጀርባ

የካ አባዶ አካባቢ የእንስሳት ጤና ረዳት ሆኜ ሥራ ከጀመርኩ ገና ሦስት ወሬ ነበር። ቅዳሜ ረፋድ ላይ እማማ ስለ ውሻቸው ስልክ ደወሉልኝ።

«ልጄ፣ ቡቺ ተቃጠለችብኝ! ቶሎ ድረስልኝ!»

ለገንፎ የተጣደ የፈላ ውሃ ጀርባዋ ላይ ተደፍቶባት ነው።

ስደርስ ግቢው ለቅሶ ቤት መስሏል። አንዷ ጎረቤት ቅቤ ይዛለች፣ ሌላው የጥርስ ሳሙና። ልጆች ይጮኻሉ። ቡቺ ከሮቶው ጀርባ ተሸጉጣ ትንቀጠቀጣለች። እኔም ተጣደፍኩ። ጎንበስ ብዬ እጄን ሰደድኩ። መዳፌን ነከሰችኝ።

ክፉ ውሻ ሆና አይደለም። ያመመው ውሻ ያሳደገውንም ሰው ይነክሳል። ይህን ተምሬዋለሁ፤ ግርግሩ አስረሳኝ።

ክትባቷን የወሰደች ብትሆንም በእብድ ውሻ በሽታ ቀልድ የለም። አንድ ልጅ ከጄሪካን እያፈሰሰልኝ እጄን በሳሙና 15 ደቂቃ ታጠብኩ፤ በኋላም ጤና ጣቢያ ሄጃለሁ።

እኔ ስታጠብ ዋናውን ሥራ የሠሩት እማማ ናቸው። ሰዉን በሙሉ ከግቢ አስወጡ። በርጩማ ስበው ከሮቶው አጠገብ ተቀመጡ፤ ፊታቸውን ወደ ቡቺ አላዞሩም። ሽሮ እየለቀሙ የሚያወሩ ይመስል ዝግ ባለ ድምፅ «ነይ የኔ እናት፣ ነይ» ይሏታል። ብዙም አልቆየች። በደረቷ እየተሳበች ወጣችና አገጯን ጫማቸው ላይ አሳረፈች።

ከዚያ በኋላ ሁሉም ቀለለ። ትንፋሿ ደህና ስለሆነና ስላላስመለሳት አፏን በነጠላ ቅዳጅ ላላ አድርገን አሰርን። ከሮቶው በጆግ እየቀዳን 20 ደቂቃ ያህል ጀርባዋ ላይ ቀስ ብለን አፈሰስን። ፀጉሯ ሙቀቱን ስለሚይዝ ውሃው ቆዳዋ ድረስ መግባት አለበት። በረዶ አያስፈልግም። ቅቤውንም መለስነው፤ ሙቀቱን አፍኖ ቁስሉን ያቆሽሻል።

«ግማሽ አይቡፕሮፌን ልስጣት?» አሉኝ እማማ። አንጀቴን በሉት። የሰው ማስታገሻ ግን የውሻን ጨጓራና ኩላሊት ይጎዳል፤ እንዳይሰጧት ለመንኳቸው።

ቁስሉን በንጹህ እርጥብ ጨርቅ ሸፍነን፣ ሌላው ሰውነቷ እንዳይበርዳት በጋቢ ጠቅልለን ወደ ክሊኒክ በባጃጅ ወሰድናት። ልጁ ሾፌር ማንም ሳይነግረው ሙዚቃውን አጠፋ። እማማ መንገዱን ሙሉ «ነይ የኔ እናት» ማለታቸውን አላቆሙም።