ዲሹን ከመግዛታችሁ በፊት ፈቃዱን ጨርሱ

መርከብ ላይ ስልክና ኢንተርኔት የሚያሠራ ድርጅት ለመክፈት የሚያስቡ ሰዎች ሲያገኙኝ የሚጠይቁኝ ስለ ሳተላይት ነው። የትኛው ይሻላል? ስንት ሜጋ ይሰጣል? ዝናብ ሲመጣ ይቋረጣል ወይ? ስለ ፈቃድ የሚጠይቀኝ የለም። እኔ ስጀምርም የነገረኝ ሰው አልነበረም። ድርጅታችን ዛሬ ብዙ መርከቦችን ያገለግላል፤ በዚህም እኮራለሁ። ግን እዚህ ለመድረስ ካወጣነው ገንዘብና ጉልበት ብዙው ያለቀው ቢሮ በር ላይ ነው።

አጀማመሩ ቀላል ነበር። የሳተላይት ደቂቃ በጅምላ ገዝተን ለመርከቦች በችርቻሮ እንሸጥ ነበር። መሣሪያው ትንሽ ነው። ከመሪው ክፍል በላይ ይታሰራል፣ ሲም ይገባበታል፣ አለቀ። ደንበኛ ያገኘነው በወሬ ነው፤ አንዱ ካፒቴን ለሌላው እየነገረ። ትርፉ ግን ቀጭን ነበር። ዋጋውን የሚቆርጠው ሳተላይቱን የያዘው ነውና።

ስለዚህ ወደ ትልቁ ዲሽ ገባን። ነጭ ጉልላት ውስጥ ተቀምጦ፣ መርከቡ ሲናወጥ ራሱን እያስተካከለ፣ 35,786 ኪሎ ሜትር ርቀት ላይ ያለውን ሳተላይት የሚከተለው ማለቴ ነው። በዚያ ላይ መርከቡ ውስጥ ትናንሽ የሞባይል አንቴናዎች ተከልን። መርከበኛው የገዛ ስልኩን ያወጣል፣ ስልኩ ከትንሹ አንቴና ጋር ይገናኛል፣ ጥሪው በዲሹ በኩል ወደ ሳተላይት ይወጣና የብስ ላይ ይወርዳል። ሂሳቡ በሮሚንግ፣ ማለትም በሌላ አገር ኔትወርክ ላይ እንደተደወለ ሆኖ ይታሰባል። ቴክኒኩ ሠራ። ጎበዝ መሐንዲሶች ነበሩን።

ፈቃዱ ላይ ግን ተያዝን።

የኛ ድርጅት የተመዘገበው በአንድ አገር ነው። መርከቡ የሚያውለበልበው የሌላ አገር ባንዲራ ነው። ሲግናሉ የሚወርድበት የምድር ጣቢያ ደግሞ ሦስተኛ አገር ነው። ወደቦቹማ አይቆጠሩም። ታዲያ ፈቃድ የሚሰጠው ማን ነው? መልሱ በዓለም አቀፉ የሬዲዮ ደንብ አንቀጽ 18 ተጽፏል። ጣቢያው ለየትኛው አገር ሕግ ተገዥ ነው? ፈቃዱን የሚሰጠው የዚያ አገር መንግሥት ነው። ለመርከብ ይህ ማለት የባንዲራው አገር ነው። እስከዚህ ድረስ ግልጽ ነው። ግልጽ ያልሆነው በዚያ መንግሥት ውስጥ የማን በር እንደሚንኳኳ ነው።

የቴሌኮም ተቆጣጣሪው ጋ ሄድን። “መርከብ ከሆነ የባሕር ጉዳይ መሥሪያ ቤት ነው” አሉን። እዚያ ስንደርስ “ፍሪኩዌንሲ ከሆነማ የቴሌኮም ነው፤ መጀመሪያ የእነሱን ደብዳቤ አምጡ” ተባልን። ቴሌኮሞቹ ደግሞ የባሕሮቹን ደብዳቤ ሳናይ ፋይል አንከፍትም አሉ። አንዱ ለሌላው ስልክ እንዲደውል ለመንን። “አሠራሩ አይፈቅድም” የሚል መልስ አገኘን።

ፋይሉ በስንት ልመና ሲከፈት ቅጹ መጣ። ቅጹ የተዘጋጀው መሬት ላይ ለሚተከል አንቴና ነው። “የአንቴናው ቋሚ አድራሻ” የሚል ቦታ አለው። ባዶ ስንተወው “ያልተሟላ” ተብሎ ተመለሰ። “ተንቀሳቃሽ” ብለን ስንጽፍም ተመለሰ። በመጨረሻ የመርከቡን ባለቤት ቢሮ አድራሻ እንድንጽፍ ራሳቸው መከሩን፤ ጻፍን። ከዚያ የሌላ ክፍል ሠራተኛ ወደዚያ ቢሮ ለቁጥጥር ተላከ። “አንቴናው በተጠቀሰው ቦታ አልተገኘም” የሚል ሪፖርት ጽፎ ፋይላችን ላይ አያያዘ። ያንን ሪፖርት ለማስነሳት የሄደው ጊዜ ትዝ ሲለኝ አሁንም ደሜ ይፈላል።

ይህ ሁሉ ሲሆን ገንዘቡ ይፈሳል። የሳተላይት ባንድዊድዝ፣ ማለትም የማስተላለፊያ አቅሙ፣ በወር ኪራይ ነው፤ ተጠቀማችሁም አልተጠቀማችሁም ይከፈላል። ኪራዩ የሚቆጠረው ደግሞ ከፊርማው ቀን ጀምሮ ነበር። ዲሾቹ መርከቦቹ ላይ ተሰቅለዋል፤ ማሰራጨት ግን አይችሉም። ባለቤቶቹ በየጊዜው እየደወሉ “መቼ ነው የሚሠራው?” ይሉናል። ምን ብለን እንመልስ?

የፈታልን አንዲት ወጣት መሐንዲሳችን ያመጣችው ሐሳብ ነው። እያንዳንዱ መርከብ ለመነጋገሪያው ቪኤችኤፍ ሬዲዮና ለራዳሩ ቀድሞውኑ የሬዲዮ ጣቢያ ፈቃድ አለው። የጥሪ ምልክቱም ባለ 9 አሃዝ መለያ ቁጥሩም እዚያ ላይ ተጽፏል። “አዲስ ፈቃድ ለምን እንጠይቃለን? ዲሹን በዚያው ፈቃድ ላይ እናስጨምር” አለች። በዚህ መንገድ አመለከትን፤ አለፈ። የፈረሙልን ኃላፊ “ይህማ ድሮም የሚሠራበት ነው” አሉን። ድሮም የሚሠራበት ከሆነ በመጀመሪያው ቀን መናገር ምን ይገድ ነበር? ያን ሁሉ ቢሮ ስንዞር ይህን አንድ ዓረፍተ ነገር የሚነግረን ሰው ጠፋ።

በዚህም አላበቃም። አንዱ መርከብ ወደብ ሲገባ ተቆጣጣሪዎች ወጥተው የዲሹን ማሰራጫ አሸጉት። ካፒቴኑ ደውሎ “ወንድሜ፣ ፈቃድ አለ አላልከኝም?” አለኝ። ፈቃዱማ ነበር፤ የባንዲራው አገር ፈቃድ። ነገር ግን በ2003 እ.ኤ.አ. በጸደቀው ዓለም አቀፍ ውሳኔ መሠረት፣ ኬዩ ባንድ በሚባለው የሳተላይት ፍሪኩዌንሲ ክልል የሚያሰራጭ የመርከብ ዲሽ ከባሕር ዳርቻ 125 ኪሎ ሜትር ውስጥ ሲገባ የዚያ አገር ስምምነት ያስፈልገዋል። አንዳንዱ አገር በአንድ ኢሜይል ይስማማል። አንዳንዱ ለየመርከቡ ያስከፍላል። አንዳንዱ መልስ አይሰጥም። የሞባይሉ አንቴና ደግሞ የራሱ ደንብ አለው፤ በአውሮፓ ኅብረት አገሮች እንደ ኔትወርኩ ዓይነት ከዳርቻው 2 ወይም 4 የባሕር ማይል ውስጥ መጥፋት አለበት። ይህን ለካፒቴን አትተዉት። ካፒቴን ወደብ ሲገባ በቂ ሥራ አለው። መሣሪያው በጂፒኤስ አይቶ ራሱ እንዲዘጋ አድርጉ።

መመሪያዎቹ ብዙ ጊዜ ማመልከቻው ከመርከቡ ባለቤት ይምጣ ይላሉ። የኔ ምክር ሌላ ነው። ውክልና ውሰዱና ራሳችሁ ጨርሱት። ባለቤቱ መቶ ሌላ ጣጣ አለበት፤ የናንተ ወረቀት ጠረጴዛው ላይ ያድራል። መሣሪያው ከተገጠመ በኋላ ተከታታይ ቁጥሩን ይዛችሁ ኑ የሚሉም አሉ። በሞዴሉ ስም ቀድማችሁ አመልክቱና ቁጥሩን በኋላ ሙሉ። ከሁሉም በላይ ግን የኪራዩ ቀን ከመጀመሪያው የሚሠራ መርከብ ጀምሮ እንዲቆጠር ተደራደሩ። ሻጩ እንቢ ካለ ሌላ ሻጭ ፈልጉ።

ገንዘብ ከደንበኛ ቀድሞ የሚያልቅበት ሥራ ነው። የሳተላይት ስልክ ድርጅቱ ኢሪዲየም በ1998 እ.ኤ.አ. ኅዳር ላይ አገልግሎት ሲጀምር በ66 ሳተላይቶች መላውን ምድር ይሸፍን ነበር። ሳተላይቶቹ ይሠሩ ነበር። ዓመት ሳይሞላው ግን ድርጅቱ ኪሳራ አወጀ። ቢሊዮኖች የፈሰሱበትን ያን ኔትወርክ አዲሶቹ ባለቤቶች የገዙት በ25 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ነው።

ስለ ዲሽ አቀማመጥ ብዙ አልልም። ምሰሶውና የጭስ ማውጫው ሰማዩን ይከልሉታል፤ መርከቡ አቅጣጫ ሲቀይር ሲግናሉ ይጠፋል። አቅም ካለ ሁለት ዲሽ በሁለት ጎን አድርጉ። ስትሸጡም “እስከ ይህን ያህል” የሚለውን ፍጥነት ትታችሁ የማይቀንሰውን ዝቅተኛ ፍጥነት ንገሩ።

አንድ ነገር ግን አጥብቄ እናገራለሁ። የናንተ ዲሽ የነፍስ አድን መሣሪያ አይደለም። የአደጋ ጊዜ ግንኙነት ሥርዓቱ ከየካቲት 1 ቀን 1999 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሙሉ በሙሉ በሥራ ላይ ያለ፣ የራሱ የጸደቁ መሣሪያዎች ያሉት ሥርዓት ነው። “ይህ ፈጣን ስለሆነ አሮጌውን አውጡት” የሚሉ ሻጮች ሰምቻለሁ። ያስቆጣኛል። ሰው ሊሞትበት የሚችል ምክር ነው።

የሳተላይት ኢንተርኔት የሚሰጠው ስታርሊንክ በ2022 እ.ኤ.አ. የመርከብ አገልግሎት ሲጀምር አለቀልን ብለን ነበር። ሳተላይቶቹ 550 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ ናቸው፤ ጥሪው አይዘገይም፤ ዲሹ ትንሽ ነው። ያቆየን ያ የቢሮ መንከራተት ያስተረፈልን ዝርዝር ነው። የትኛው አገር ይፈቅዳል፣ የትኛው ያስከፍላል፣ የትኛው ያሽጋል፣ ፋይሉ የማን ጠረጴዛ ላይ ነው። አዲሱንም ዲሽ ቢሆን በአገሩ ውኃ ላይ ያለ ፈቃድ ማሰራጨትን የማይቀበሉ አገሮች አሉ። ደንበኞቻችን አዲሱን ዲሽ ከኛው ገዙ፤ ሌሎችም በዝርዝሩ ምክንያት መጡ። ከ2024 እ.ኤ.አ. መጨረሻ ጀምሮ በሥራ ላይ የዋለው የባሕር ሠራተኞች ስምምነት ማሻሻያ ደግሞ ለመርከበኞች ኢንተርኔት ይቅረብላቸው ስለሚል ጥያቄው ጨምሯል። ወራት ሙሉ ባሕር ላይ የሚከርም ሰው ልጁን በቪዲዮ ሲያይ፣ እኔ ለዚህ ነው የሠራሁት።

ዛሬ አዲስ መርከብ ሲመጣ መጀመሪያ የምንጠይቀው የሚሄድባቸውን ወደቦች ነው። ውሉ ላይም ባለቤቱ መርከቡን ለመሸጥ ወይም ባንዲራ ለመቀየር ሲያስብ ቀድሞ እንዲያሳውቀን እናስፈርማለን። ባንዲራው ሲቀየር የድሮው ፈቃድ ያበቃል። የባለ 9 አሃዙ ቁጥር የመጀመሪያዎቹ ሦስት አሃዞች አገሩን ስለሚያመለክቱ እሱም ይቀየራል። ስለዚህ ሽያጩ ሳይፈረም የአዲሱን አገር ማመልከቻ አስገቡ፤ ለቴሌኮሙም ለባሕር ጉዳዩም ቢሮ፣ በአንድ ቀን።