ከሱሉልታ ሳውዝ ጆርጂያ ድረስ የተሸከምኩት ጭጎጎት

ደቡብ አትላንቲክ ውስጥ ያለችው ደሴት ሳውዝ ጆርጂያ የሄድኩት ለፔንግዊን አይደለም። ረግረግ ላይ ተለጥፋ የምትበቅል አንዲት ቢጫ አበባ ፎቶ ላነሳ ነው። የሳይንስ ስሟ ራኑንኩሉስ ቢተርናተስ ነው። ዘመዶቿ ባሌ ተራራ ላይም አሉ።

መንገዱ ቀላል ነው፦ አርጀንቲና ደቡብ ጫፍ ያለችው ኡሽዋያ ድረስ አውሮፕላን፣ ከዚያ መርከብ፣ ከዚያ ማስታወክ።

ጉዴ የፈላው ፍተሻው ላይ ነው። ደሴቲቱ አይጦቿን ለማጥፋት ዓመታት ተለፍቶባት፣ ነፃ መሆኗ የታወጀው በ2018 እ.ኤ.አ. ነው። ከውጭ የገባ ሣርና አረምም አስቸግሯቸዋል። ስለዚህ ማንም ከመውረዱ በፊት ጫማው፣ ኪሱ፣ ቦርሳው ይበረበራል። እኔ ጫማዬን በጥርስ ብሩሽ ፈትጌ፣ ኪሴን ገልብጬ በቫኪዩም ጠርጌ፣ ደረቴን ነፍቼ ተሰለፍኩ። ተቆጣጣሪዋ ጫማዬን አየች፤ ጥሩ። ጃኬቴን አየች፤ ጥሩ። ከዚያ የካሜራ ቦርሳዬን ቬልክሮ (ሲላቀቅ ጠረር የሚለውን ተጣባቂ ጨርቅ) ቀስ ብላ ከፈተችና ወረንጦ አወጣች። ጥቁር፣ ቀጭን፣ ጫፏ እንደ ሹካ የተሰነጠቀ ዘር። ጭጎጎት! ጥቅምት ላይ ሱሉልታ ስንሸራሸር ካልሲዬን የሞላው ነው።

በጆሮዬ ብትነግረኝ ምን ነበረበት? ነጭ ወረቀት ላይ አስቀምጣ ለሰልፈኛው ሁሉ አሳየችው። «ከየት ነው?» አለች። «ከሀገሬ» አልኩ። ተሳቀብኝ። ሌላው ሰው የአንታርክቲካው አሳሽ ሻክልተን መቃብር ላይ ሲቆም፣ እኔ መርከቡ ላይ ቀርቼ ቬልክሮ በመርፌ እቆፍራለሁ። እስካሁን ያናድደኛል። ግን ጥፋቱ የኔ ነው፤ መመሪያው ላይ «ቦርሳ» የሚል ቃል አለ፣ ዘልዬው ነው።

መመሪያው ቬልክሮ አጽዱ ይላል። እኔ ደግሞ ቬልክሮ ያለበትን ሁሉ ቤት ተዉት እላለሁ። አይጸዳም። ወረንጦም የራሳችሁን ያዙ፤ የኛ መርከብ ላይ የነበረው ሁለት ብቻ ነው።

በመጨረሻ ስወርድ አበባዋን ግሪትቪከን የሚባለው ቦታ፣ ከድሮው የዓሣ ነባሪ ፋብሪካ ጀርባ ጅረት ዳር አገኘኋት። ቅጠሏ ሦስት ሦስት ሆኖ የተከፈለ፣ አበባዋ ከሸሚዝ ቁልፍ የማትበልጥ። ልንበረከክ ስል አስጎብኚው ጮኸብኝ። በወፍ ጉንፋን ምክንያት መቀመጥም፣ መንበርከክም፣ ዕቃ መሬት ማስቀመጥም ክልክል ነው። ይሄንንም የነገረኝ የለም! ወገቤ እየተንቀጠቀጠ 40 ፎቶ አነሳሁ። አንዱ ብቻ ጠርቶ ወጣ።

ወደ ጀልባው ስመለስ ካልሲዬ ላይ የደሴቲቱ የራሷ ጭጎጎት፣ አሴና የሚሉት፣ ተሰክቶ አየሁ። መቀመጥ የለ። በአንድ እግሬ ቆሜ፣ አንድ በአንድ ነቀልኩት።