ከስድስት ኪሎ እስከ ናቫሆ ምድር፦ የቋንቋ አጥኚነት ሥራዬ

ከአሜሪካ ነባር ሕዝቦች ቋንቋዎች አንዱ ወደሆነው ወደ ናቫሆ የወሰደኝ አንድ የሥነ ድምፅ ትምህርት ነው። ስድስት ኪሎ ሥነ ልሳን አጥንቼ ለከፍተኛ ትምህርት አሜሪካ እንደገባሁ፣ መምህራችን የዓለም ቋንቋዎችን ድምፆች በየተራ እያሰሙ እንድናስመስል ያደርጉን ነበር። ጉሮሮን ዘግተን ወደምናፈነዳቸው ድምፆች ስንደርስ የክፍል ጓደኞቼ ፊታቸው እስኪቀላ ታገሉ። እኔ «ጠጠር»፣ «ቆቅ»፣ «ጭቃ» ብዬ ጨረስኩ። ቀጥሎ የተከፈተው ቅጂ የናቫሆ ነበር፦ «ቃድ» አሁን፣ «ጫህ» ባርኔጣ፣ «ጽን» አጥንት። ሌሎቹ በላቲን ፊደል አናት ላይ ጭረት ሲጨምሩ እኔ ደብተሬ ላይ በግዕዝ ፊደል ጻፍኳቸው።

ደስታዬ ብዙ አልቆየም። ናቫሆ አየሩ በምላስ ጎን የሚያመልጥ፣ እኛ ዘንድ የሌለ ድምፅ አለው። አናባቢው ይረዝማል፣ ያጥራል፣ በአፍንጫ ይነገራል፤ ከፍና ዝቅም ይላል። ከፍታውን የሳተ ሰው ብዙ ጊዜ ሌላ ቃል ተናግሮ ያርፈዋል። ቢሆንም አንዴ ልቤ ተነክቶ ነበርና የመመረቂያ ጥናቴን በዚሁ ላይ ለማድረግ ወሰንኩ። ዋሽንግተን የሚኖረው አጎቴ ይህን ስነግረው ስልኩን ይዞ ዝም አለና «ነርስነት ጀምረሽ ይህንን በጎን ብታጠኚውስ?» አለኝ። ምክሩ የሞኝ ምክር እንዳልነበረ ወደ ኋላ እመለስበታለሁ።

ናቫሆዎች ራሳቸውን ዲኔ ይላሉ። ግዛታቸው አሪዞናን፣ ኒው ሜክሲኮንና ዩታን ይነካል፤ ስፋቱ ወደ 70,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ይጠጋል። ቋንቋቸውን የሚናገረው ሕዝብ ወደ 170,000 ሲገመት ቆይቷል፤ ከሜክሲኮ ድንበር በስተሰሜን ይህን ያህል ተናጋሪ ያለው ሌላ የነባር ሕዝቦች ቋንቋ በአሜሪካ የለም። የቅርብ ዘመዶቹ አፓቼዎች አጠገቡ ናቸው፤ የሩቆቹ ግን አላስካና ካናዳ ውስጥ ይገኛሉ። ቁጥሩን ሰምቶ «ታዲያ ምን ያሰጋዋል?» የሚል ሰው ያጋጥመኛል። አያት ለአያት ያወራል፤ የልጅ ልጅ እየሰማ በእንግሊዝኛ ይመልሳል። ሥጋቱ ይኸው ነው።

እዚህ የደረሰው እንዲሁ በጊዜ ብዛት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1879 ፔንስልቬንያ ውስጥ የተከፈተውን የካርላይል ትምህርት ቤት ፈለግ የተከተሉ አዳሪ ትምህርት ቤቶች ልጆችን ከወላጆቻቸው እየነጠሉ፣ በአፍ መፍቻ ቋንቋቸው የተናገረውን ይቀጡ ነበር፤ አፋቸው በሳሙና የታጠበ አዛውንቶች ታሪካቸውን ተናግረዋል። ያው መንግሥት በ1942 የናቫሆ ወጣቶችን ለባሕር ኃይል እግረኛ ጦር መልምሎ፣ በዚያው በተከለከለው ቋንቋ ጃፓኖች ሊፈቱት ያልቻሉትን የምስጢር መልእክት እንዲያስተላልፉ አደረገ። የመጀመሪያዎቹ 29 ነበሩ። ምስጢሩ እስከ 1968 ድረስ ስላልተገለጠ ውለታቸውን ለጎረቤት እንኳ መንገር አልቻሉም። ኮንግረሱ የነባር ሕዝቦችን ቋንቋዎች የመጠበቅ ሕግ ያወጣው በ1990 ነው። ይህንን ሁሉ ሳያውቅ መቅረጸ ድምፅ ይዞ የሰው ደጅ የሚያንኳኳ ተመራማሪ በሩ ቢዘጋበት አይግረመው።

ስለዚህ ሥራው የሚጀምረው በወረቀት ነው። የናቫሆ ብሔር የራሱ የምርምር ተቆጣጣሪ ቦርድ አለው፤ ያለ እርሱ ፈቃድ አንድ ቃል መቅዳት አይቻልም። ከዚያ በፊት ጥናቱ የሚካሄድበት ቻፕተር (እንደ ቀበሌ ያለ የአካባቢ አስተዳደር ነው፤ 110 አሉ) ደግፎ መጻፍ አለበት። ቻፕተሩ ስብሰባ ላይ ያቆማችሁና «ለእኛ ምን ይጠቅመናል?» ብሎ ይጠይቃል። «ለሳይንስ» የሚል መልስ እዚያ ቤት ዋጋ የለውም። እኔ ለአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የሚሆን ድምፅ ያለው የቃላት ስብስብ አዘጋጃለሁ ብዬ ገባሁ፤ የመመረቂያ ጽሑፌም ከዚያ ሥራ ውስጥ ወጣ። የተሰበሰበው ነገር ባለቤት ብሔሩ ነው፤ ጽሑፉም ከመታተሙ በፊት ቦርዱ ያየዋል። አንዳንድ የሙያ ባልደረቦቼ ይህን እንደ ሳንሱር ያማርሩታል። እኔ በበኩሌ ያየሁት ብዙ ስሕተቴን ያረመልኝ አንባቢ ነው።

ወረቀቱ ካለቀ በኋላ ያገኘሁት ነገር ለሐበሻ ቅርብ ነበር። ናቫሆ ራሱን ሲያስተዋውቅ አራት ጎሳ ይቆጥራል፦ የእናቱን፣ የአባቱን፣ የእናቱን አባት፣ የአባቱን አባት። ሰው የሚሆነው የእናቱ ጎሳ ነው። «የማን ልጅ ነሽ?» እየተባልኩ ስላደግሁ ጥያቄው አላስደነገጠኝም፤ የምጠራው ጎሳ ባይኖረኝም እናቴና አባቴ የተወለዱበትን አገር፣ የአያቶቼን ስም ቆጠርኩ። ዋና አስተማሪዬ የሆኑት ምንጣፍ የሚሸምኑ አዛውንት እስከ መጨረሻው ሰምተውኝ ሲያበቁ «ሺማሳኒ በይኝ» አሉ፤ የእናቴ እናት ማለት ነው። በስማቸው ጠርቻቸው አላውቅም።

እርሳቸው ዘንድ የተማርኩትን አንድ ቀን ላሳያችሁ። የናቫሆ ግስ የሚነሣውን፣ የሚሰጠውን፣ የሚቀመጠውን ነገር በቅርጹ ይለያል፤ ሰዋስው ጸሐፊዎች አሥራ አንድ ያህል ምድብ ይቆጥራሉ። እኔ ዝርዝር አዘጋጅቼ «ገመዱን ስጪኝ ለማለት ምን ይላሉ? ብርድ ልብሱንስ?» እያልኩ ስጠይቅ ቆየሁ። ሺማሳኒ ሰለቻቸው መሰለኝ፣ ዝርዝሩን ገፍተው ዕቃዎቹን ራሳቸውን ያቀብሉኝና መልሰው ይጠይቁኝ ጀመር። ለገመዱ አንድ ግስ፣ ለታጠፈው ብርድ ልብስ ሌላ፣ ለሽመናው በትር ሌላ፣ ለተባዘተው ሱፍ ሌላ። በመካከሉ ቡና ቀርቦልኝ ነበር። ቡና ያለበት ሲኒ ክፍት ዕቃ ከነይዘቱ ስለሆነ የራሱ ግስ አለው። ጠጥቼ ስጨርስ ሲኒውን አቀብዪኝ አሉ፤ ግሱ ተቀይሯል። ባዶ ሲኒ ድንጋይ ከሚነሣበት ግስ ጋር ሄደ። የልጅ ልጃቸው ከውጭ ግልገል ታቅፋ ስትገባ ደግሞ ሕይወት ላለው የሚሆነው መጣ።

አማርኛ ተናጋሪ እዚህ ላይ ከእንግሊዝኛ ተናጋሪ ይሻላል ብዬ አምናለሁ። «ሰጠችኝ» በሚለው አንድ ቃል ውስጥ ሰጪዋንም ተቀባዩንም ለምዷል፤ የናቫሆ ግስ ብዙ ነገር መሸከሙ አያስደነግጠውም። የሚያስቸግረው ሸክሙ ሁሉ ከፊት መደርደሩ ነው። ግንዱ፣ ዋናውን ትርጉም የያዘው ክፍል፣ መጨረሻ ላይ ስለሚመጣ ጀማሪ አንድን ግስ መዝገበ ቃላት ውስጥ በየትኛው ፊደል እንደሚፈልገው አያውቅም። የሮበርት ያንግና የዊልያም ሞርጋን ትልቁ መዝገበ ቃላት በ1980 ወጥቶ በ1987 ታረመ፤ በ1992 ደግሞ በግንድ የተደረደረው ሥራቸው ታተመ። ያ ሁለተኛው ባይኖር ኖሮ ምን ይውጠኝ እንደነበር እንጃ። ያንግ ነጭ፣ ሞርጋን ናቫሆ ነበሩ፤ ሽፋኑ ላይ የሁለቱም ስም አለ። በዘመኑ ብዙ ሊቃውንት ተናጋሪውን ምስጋና ገጽ ላይ ብቻ ሲያኖሩ ይህ መደረጉ ቀላል አይደለም። እኔም ውል ሳዘጋጅ የተናጋሪው ክፍያና የስሙ ቦታ ከሁሉ በፊት ይጻፋል።

ዩኒቨርሲቲዎች ለመስክ ሥራ የሚለቁን በበጋ ነው፤ እኛ አገር ክረምት በሚሆንበት ወራት ማለቴ ነው። ናቫሆዎች ግን የኮዮቴን (ቀበሮ መሰል የዱር እንስሳ ነው) ተረት የሚናገሩት በብርዱ ወቅት ብቻ ነው፤ ከመጀመሪያው ውርጭ እስከ መጀመሪያው ነጎድጓድ። ኮዮቴ የእኛ ተረት ውስጥ የጦጣን ቦታ የያዘ ተንኮለኛ ነው፤ ቋንቋው የሚያምረው እርሱ አፉን ሲከፍት ነው፤ ሆኖም በሰኔ «እስቲ አንድ ይንገሩኝ» ማለት ነውር ነው። ስለዚህ በጋውን ለቃላትና ለግስ አደረግሁት፤ ለተረቱ በታኅሣሥ ዕረፍት በበረዶ መንገድ መንዳት ለመድሁ። ተረት የተቀዳበትን ድምፅ በበጋ ለተማሪዎች አላሰማም። ፋይሉ ስም ላይ ወቅቱን እጽፋለሁ፤ ከእኔ በኋላ የሚከፍተው ሰው እንዲያውቅ።

ወደ አጎቴ ምክር ልመለስ። በዚህ ሙያ ቋሚ የዩኒቨርሲቲ ወንበር ጥቂት ነው፤ ወረፋው ረጅም ነው። የገንዘብ ድጋፍ አለ፤ የአሜሪካ ብሔራዊ የሳይንስ ፋውንዴሽን ከ2005 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሊጠፉ የተቃረቡ ቋንቋዎችን ለመሰነድ ገንዘብ ሲሰጥ ቆይቷል፤ ነገር ግን የዛሬ ዓመት ሥራ ይኑረኝ አይኑረኝ ሳላውቅ ያደርኩበት ጊዜ ብዙ ነው። ሥራው ይበልጥ ያለው ነባር ሕዝቦቹ ራሳቸው በሚያስተዳድሯቸው ትምህርት ቤቶችና ኮሌጆች ነው፤ አሪዞና ውስጥ ጼይሌ ያለው የዲኔ ኮሌጅ በ1968 ሲመሠረት የዚህ ዓይነቱ የመጀመሪያ ነበር። ሌላው መንገድ ቤተ መዛግብት ነው። ኦሃዮ በሚገኘው የማያሚያ ማዕከል የሚሠራበትን የማያሚያ ነባር ሕዝብ ቋንቋ አቀላጥፎ የሚናገር ሰው ካለቀ አሥርት ዓመታት አልፈዋል፤ ዛሬ ልጆች የሚማሩት ሚስዮናውያን ከሦስት መቶ ዓመት በፊት ከጻፏቸው መዝገበ ቃላት ጀምሮ ገጽ በገጽ ተፈልፍሎ የወጣ ነው። አቧራ የማያስነጥሰው፣ የሰው የእጅ ጽሑፍ ማንበብ የሚወድ ሰው እዚያ እንጀራ ያገኛል። እኔም ግማሽ ደመወዜ የሚመጣው አሮጌ ቅጂዎችን ከማደራጀት ነው።

አዲስ አበባ ስመጣ የሚቀርብልኝ ጥያቄ አንድ ነው፦ «የእኛ ቋንቋዎች እየጠፉ አንቺ አሜሪካ ምን ታደርጊያለሽ?» ተገቢ ጥያቄ ነው። በደቡብ፣ ወይጦ ወንዝ ዳር፣ ኦንጎታን የሚናገሩት በጣት የሚቆጠሩ አዛውንቶች ናቸው፤ ማኅበረሰቡ ወደ ጸማይኛ ዞሯል። ቋንቋውን ያጠኑ ባለሙያዎች ስላሉ እኔ አዋቂ ነኝ ብዬ አልገባም፤ የማውቀውን የፈቃድና የውል አሠራር ግን ለተማሪዎች አሳያለሁ። ባለፈው የናቫሆን ቅጽ በአማርኛ አዘጋጅቼ ባቀርብ አንዱ ተማሪ ገጾቹን ቆጥሮ «ይህ ሁሉ ፊርማ እስኪገኝ ዓመት ያልፋል፤ እስከዚያ ምን ልሥራ?» አለኝ። ጸማይኛ ተማር አልኩት። አዛውንቶቹ ከልጅ ልጆቻቸው ጋር የሚያወሩት በእርሱ ነው፤ ቤቱ ውስጥ ቡና የሚቀርብለት እንግዳ ለመሆንም እርሱ ያስፈልገዋል።