ሜዲሲናል ኬሚስትሪን ያጠናሁበት መንገድ፦ መጀመሪያ ውሃውን መጠየቅ

ሜዲሲናል ኬሚስትሪ፣ የመድኃኒት ሞለኪዩሎች መዋቅርና አሠራር ጥናት፣ በአገራችን በአብዛኛው የሚታወቀው በፋርማሲ ትምህርት ውስጥ በሚሰጥ ኮርስነቱ ነው። ከኬሚስትሪ ዲግሪ የሚመጣ ተማሪ ደግሞ በኦርጋኒክ ኬሚስትሪና በመመረቂያ ጥናቱ በኩል ይደርስበታል። እኔ ባሕር ዳር ላይ የገባሁበት በዚህ በሁለተኛው በር ነው። ኮርሱን ብዙዎቻችን እንፈራዋለን። የምንፈራውም በመድኃኒት ስም ብዛት ስለምናጠናው ይመስለኛል። ስምና ጥቅም በካርድ ጽፎ መሸምደድ ለአንድ ፈተና ያደርሳል፤ ጥያቄው «ይህ ቡድን ቢነሳ ምን ይሆናል?» ብሎ ሲመጣ ግን ካርዱ መልስ የለውም።

የሠራልኝ መንገድ ለእያንዳንዱ ሞለኪዩል ሦስት ጥያቄ ማንሳት ነው። ውሃ ውስጥ ሲገባ ቻርጅ ይይዛል ወይ? ውሃ ሊሰብረው የሚችል ቦታ አለው ወይ? ከውሃ ሸሽቶ ወደ ቅባት የሚጠጋው የትኛው ክፍሉ ነው? በቀን ሦስት ሞለኪዩል፣ ለአንዱ 20 ደቂቃ። መዋቅሩን መጽሐፍ ሳላይ በእጄ እስላለሁ፤ መልሶቹን በቀይ እስክሪብቶ መዋቅሩ ላይ አሰፍራለሁ፤ ከዚያ በኋላ ነው ስሙንና ጥቅሙን የምጽፈው። ቅደም ተከተሉ ወሳኝ ነው። ስሙ ቀድሞ ከተጻፈ እጅ የሚስለው የሸመደደውን ነው፤ ማሰብ ይቀራል።

የመጀመሪያው ጥያቄ ፒኬኤ ነው፤ ይኸውም ግማሹ ሞለኪዩል ፕሮቶን ይዞ ግማሹ ሳይዝ የሚገኝበት ፒኤች ነው። ማደንዘዣውን ሊዶኬይንን እንውሰድ። ሁለት ናይትሮጅን አለው፤ ተማሪ በብዛት የሚሳሳተውም እዚህ ላይ ነው። የአማይዱ ናይትሮጅን ኤሌክትሮኖቹን አጠገቡ ላለው ካርቦኒል (ካርቦንና ኦክስጅን በድርብ የተያያዙበት ቡድን) ስላጋራ ቤዝ አይሆንም። ፕሮቶን የሚቀበለው ሌላኛው፣ ሦስት ካርቦን የተያያዘው አሚን ነው፤ ፒኬኤውም 7.9 ነው። የሰውነት ፒኤች 7.4 ስለሆነ ልዩነቱ 0.5 ነው። 10ን በ0.5 ከፍ ስናደርግ 3.16 ይወጣል። ስለዚህ ቻርጅ በሌለው በአንድ ሞለኪዩል አንጻር ቻርጅ የያዙ 3.16 አሉ ማለት ነው፤ ቻርጅ የሌለው ድርሻ 24 በመቶ ገደማ ይሆናል። የነርቩን ሽፋን አቋርጦ የሚገባው ይህ 24 በመቶ ነው፤ ከገባ በኋላ ፕሮቶን ተቀብሎ ሶዲየም ወደ ነርቩ የሚገባበትን ቀዳዳ ከውስጥ ይዘጋል። አሁን ጥርሱ መግል ቢይዝና የአካባቢው ፒኤች ወደ 6.4 ቢወርድ ልዩነቱ 1.5፣ ውጤቱ 31.6፣ ቻርጅ የሌለው ድርሻም 3 በመቶ ብቻ ይሆናል። «ማደንዘዣው አልያዘኝም» የሚል ታካሚ የሚናገረው የዚህን ስሌት ውጤት ነው። ይህን አንድ ስሌት በእጅ አምስት ጊዜ መሥራት ስለ ማደንዘዣ አሥር ገጽ ከማንበብ ይሻላል እላለሁ። አሲድ ቻርጅ የሚይዘው ፕሮቶን ሲያጣ፣ ቤዝ ደግሞ ሲቀበል መሆኑን ግን መጀመሪያ ወረቀቱ ራስጌ ላይ መጻፍ ያስፈልጋል፤ የተገለበጠ መልስ ሁሉ የሚመጣው ከዚያ ነው።

ሁለተኛውን ጥያቄ፣ ውሃ የሚሰብረውን ቦታ፣ ያስተማረኝ አስፕሪን ነው። አሠራሩ ቀላል ነው ይባላል፤ ንጹሕ አድርጎ ማውጣቱ ግን ቀላል አይደለም።

በደንብ በደረቀ የ125 ሚሊ ሊትር ኤርለንማየር ፍላስክ 2.0 ግራም ሳሊሲሊክ አሲድ፣ 5 ሚሊ ሊትር አሴቲክ አንሃይድራይድና 5 ጠብታ 85 በመቶ ፎስፎሪክ አሲድ እጨምራለሁ። አንሃይድራይዱ ዓይንና ጉሮሮ ያቃጥላልና ሥራው ሁድ (ጋዝ የሚስብ ሳጥን) ሥር፣ በጓንትና በመነጽር ነው። ፍላስኩን ከ70 እስከ 80 ዲግሪ በሞቀ ውሃ ውስጥ ለ15 ደቂቃ አቆየዋለሁ። ገና እንደሞቀ 2 ሚሊ ሊትር ውሃ በጠብታ በጠብታ እጨምራለሁ፤ የተረፈው አንሃይድራይድ ወደ አሴቲክ አሲድ ሲለወጥ ይግላል፣ ይተናል፤ ፊትን ማራቅ ነው። ከዚያ 40 ሚሊ ሊትር ቀዝቃዛ ውሃ ጨምሬ በረዶ ውስጥ አስቀምጠዋለሁ። ክሪስታሉ እንቢ ካለ የፍላስኩን ውስጠኛ ግድግዳ በመስታወት ዘንግ እፍቃለሁ። በቡክነር ፈነል አጣርቼ እንደ በረዶ በቀዘቀዘ ውሃ ሁለት ጊዜ፣ በእያንዳንዱ 5 ሚሊ ሊትር አጥበዋለሁ። ሳሊሲሊክ አሲዱ 14.5 ሚሊሞል፣ አንሃይድራይዱ 53 ሚሊሞል ስለሆነ ምርቱን የሚወስነው ሳሊሲሊክ አሲዱ ነው፤ ሙሉ በሙሉ ቢሳካ 2.61 ግራም ይወጣል።

የሚበላሸው የት ነው? ፍላስኩ እርጥብ ከሆነ አንሃይድራይዱ ከሳሊሲሊክ አሲዱ በፊት ከውሃው ጋር ይጨርሳል። የቧንቧ ውሃ በሚስበው ፓምፕ እያጣራችሁ የውሃው ግፊት በድንገት ከወረደ የቧንቧው ውሃ ወደ ኋላ ተመልሶ ፍላስካችሁን ይሞላዋል፤ መሃል ላይ ባዶ ጠርሙስ ማያያዝ ግዴታ ነው። በረዶ የሚሠራ ማሽን ከሌለ ማታውኑ የፕላስቲክ ጠርሙስ ውሃ ፍሪዘር ውስጥ አስገብቶ ጠዋት መቀጥቀጥ ይበቃል። በክሪስታል ፈንታ ዘይት መሰል ነገር ከሥር ከተጠራቀመ እስኪሟሟ አሙቆ ቀስ ብሎ ማቀዝቀዝ ነው፤ በችኮላ በረዶ ውስጥ መክተት ዘይቱን መልሶ ያመጣዋል።

ትልቁን ስህተት የሠራሁት ግን በማጥራቱ ላይ ነው። ምርቱን በፈላ ውሃ አሟሙቼ መልሼ ክሪስታል አደረግሁት። ክሪስታሉ ሲያዩት ያማረ፣ እንደ መርፌ የቀጠነ ነበር። ጥቂቱን በኤታኖል አሟሙቼ 1 በመቶ ፌሪክ ክሎራይድ ሳንጠባጥብበት ግን ከማጥራቴ በፊት ፈዛዛ የነበረው ሐምራዊ ቀለም ደመቀ። ሐምራዊው የሚመጣው ከነጻ ፌኖል፣ ሳሊሲሊክ አሲድ ላይ ካለው የኦኤች ቡድን፣ ነው። ኤስተሩን፣ ማለትም አስፕሪኑ ላይ ውሃ ሊሰብረው የሚችለውን ቦታ፣ የፈላው ውሃ ሰብሮታል፤ ያጠራሁ መስሎኝ ወደ ሳሊሲሊክ አሲድ እየመለስኩት ነበር። ትክክለኛው መንገድ በ60 ዲግሪ አካባቢ በሞቀ 6 ሚሊ ሊትር ኤታኖል አሟሙቶ፣ 20 ሚሊ ሊትር ለብ ያለ ውሃ ጨምሮ፣ ሳይነኩ ማቀዝቀዝ ነው። የመቅለጫ ነጥቡ 135 ዲግሪ አካባቢ ነው፤ በጣም ቀስ ብሎ ማሞቅ ግን አስፕሪኑን መሣሪያው ውስጥ እንዳለ ስለሚያፈርሰው ንባቡን ዝቅ ያደርገዋል። በክረምት ደግሞ፣ በሐምሌና በነሐሴ እርጥበት፣ ክፍት ሰዓት መስታወት ላይ የተተወ አስፕሪን እየዋለ እያደረ ኮምጣጤ ኮምጣጤ ይሸታል። ያ ሽታ ሁለተኛው ጥያቄ ራሱ ነው። ሲሊካ ጄል ባለበት ዴሲኬተር ውስጥ አስቀምጡት።

እግረ መንገዴን፦ ባሕር ዳር ከባሕር ወለል በላይ 1800 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ውሃ እዚህ የሚፈላው በ94 ዲግሪ አካባቢ ነው፣ ኤታኖልም በ78 ሳይሆን በ73 ገደማ። መጽሐፉ «በፈላ ውሃ ላይ ይሞቅ» ሲል 100 ዲግሪ አስቦ ነው። ቴርሞሜትሩን አምኖ ጊዜውን ማስተካከል ይገባል። የመቅለጫ ነጥብን ግን ከፍታው አይነካውም።

ሦስተኛውን ጥያቄ በአጭሩ ልለፈው። ወባ ለፎገራና ለደንቢያ ሰው እንግዳ ስላልሆነ የወባ መድኃኒቱን ኮአርቴምን ሁላችንም እናውቀዋለን። አንደኛው ክፍሉ አርቴሜተር ጥገኛውን የሚያጠቃው በሁለት ኦክስጅኖች ትስስር ነው፤ ያ ትስስር አስቀድሞ ከፈረሰ መድኃኒቱ አይሠራም። በቻይና የቱ ዩዩ ቡድን በ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. መጀመሪያ የመድኃኒቱን መነሻ ከተክል በዝቅተኛ ሙቀት በኤተር ማውጣቱ ያሳካው ያንን ትስስር ሳይጎዱ ማግኘትን ነው፤ የ2015 እ.ኤ.አ. የኖቤል ሽልማትም የመጣው ከዚያ ነው። ሁለተኛው ክፍል ሉሜፋንትሪን ደግሞ ውሃን እጅግ የሚሸሽ ስለሆነ ያለ ቅባት በባዶ ሆድ ሲወሰድ በደንብ አይመጠጥም። ከምግብ ጋር የሚባለው ለጨጓራ ብቻ አይደለም፤ ወተት ይሁን፣ በጾም ወቅት ዘይት የገባበት ሽሮ፣ ቅባቱ ነው የሚፈለገው።

የመመረቂያ ሥራዬን በእንዶድ ላይ ያደረግሁት ሦስቱንም ጥያቄ በአንድ ፍሬ ስላገኘሁ ነው። ዶክተር አክሊሉ ለማ በ1964 እ.ኤ.አ. አድዋ አካባቢ በእንዶድ ልብስ ከሚታጠብበት ወንዝ ታችኛው በኩል ቀንድ አውጣዎች ሞተው አስተዋሉ፤ የቢልሃርዝያን በሽታ የሚያስተላልፈውን ቀንድ አውጣ በእንዶድ የመቆጣጠሩ ምርምር የተጀመረው ከዚያ ነው። በ1989 እ.ኤ.አ. ከዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ጋር የራይት ላይቭሊሁድ ሽልማት ተቀብለዋል። በጣና ዳርቻ ለሚማር ሰው ይህ የሩቅ ታሪክ አይደለም።

ኬሚስትሪው እንዲህ ነው። ያልተፈጨው ፍሬ ውስጥ ያለው ሳፖኒን (እንደ ሳሙና አረፋ የሚያወጣ ሞለኪዩል) ስኳር የተያያዘበት በሁለት ቦታ፣ በካርቦን 3 እና በካርቦን 28 ነው፤ በዚህ ሁኔታው ቀንድ አውጣ አይገድልም። ፍሬው ተፈጭቶ ውሃ ሲያገኝ የፍሬው የራሱ ኤንዛይም የካርቦን 28ቱን ስኳር ይቆርጠዋል፤ የሚገድለው አንድ ወገን ብቻ ስኳር የቀረለት ሳፖኒን ነው። እናቶቻችን እንዶዱን ቀጥቅጠው በቀዝቃዛ ውሃ የሚዘፈዝፉት ለዚህ ኤንዛይም ጊዜ እየሰጡት ነው።

ደርቆ የተፈጨ 20 ግራም ፍሬ ለሁለት ከፈልኩ። አንዱን 10 ግራም በ100 ሚሊ ሊትር የተጣራ ውሃ በክፍል ሙቀት ሌሊቱን ዘፈዘፍኩት። ሌላውን በ100 ሚሊ ሊትር ሜታኖል ለሁለት ሰዓት ሪፍለክስ አደረግሁ (እንፋሎቱ ቀዝቅዞ ወደ ፍላስኩ እየተመለሰ አፈላሁት)፣ ሜታኖሉን አትንኜ ቅሪቱን በውሃ አሟሟሁት። ሁለቱንም በ50 ሚሊ ሊትር ኖርማል ቡታኖል ሦስት ሦስት ጊዜ አወጣሁ። ሲፈጭ ማስክ ያስፈልጋል፤ ብናኙ አፍንጫን ይቆጠቁጣል፣ ማስነጠሱም ማቆሚያ የለውም። መለያ ፈነሉን እንደ ሌላ ጊዜ ማናወጥ ፈጽሞ አይሆንም፤ ሳፖኒን ሳሙና ነውና አረፋው እስከ ማግስቱ አይለይም። ፈነሉን በዝግታ ሃያ ጊዜ ማገላበጥና ትንሽ ጨው መጨመር ይረዳል። ሮታሪ ኢቫፖሬተሩ (ማሟሟያውን የሚያተነው መሣሪያ) ላይ ፍላስኩን ከሲሶ በላይ መሙላት አረፋውን ወደ ኮንደንሰሩ ያሻግረዋል፤ እንዲህ ሆኖ የግማሽ ቀን ሥራ ፈስሶብኛል።

ለቲኤልሲው (ሞለኪዩሎችን በሲሊካ ሳህን ላይ ለሚለየው ዘዴ) ክሎሮፎርም፣ ሜታኖልና ውሃን 65፣ 35 እና 10 አድርጌ አናውጬ የታችኛውን ንብርብር ብቻ ተጠቀምኩ። ሳህኑ ላይ ቫኒሊንና ሰልፈሪክ አሲድ ረጭቼ በ105 ዲግሪ ለአምስት ደቂቃ ሳሞቀው ሐምራዊ ነጥቦች ወጡ። የሜታኖሉ ናሙና ነጥቦች ከመነሻው መስመር ብዙም አልራቁም፤ ስኳር የበዛበት ሞለኪዩል ሲሊካውን የሙጥኝ ይላል። የውሃው ናሙና ነጥቦች ከፍ ብለው ሄደዋል። ሜታኖሉ ኤንዛይሙን ቀድሞ ስለገደለው የፍሬውን ሳፖኒን እንዳለ ነው ያወጣው። «የበለጠ የሚያወጣ ማሟሟያ» ብዬ የመረጥኩት ነገር የሰጠኝ ሌላ ሞለኪዩል ነበር።

ዝቃጩንም ሆነ የታጠበበትን ውሃ ወደ ሐይቁ በሚወርድ ቱቦ መድፋት አይገባም፤ ቀንድ አውጣ የሚገድለው ዓሣም ይገድላል። በተለየ ጄሪካን ተጠራቅሞ መወገድ አለበት።

ሥራውን አሁን ብጀምረው ሦስተኛ ናሙና እጨምራለሁ፦ ያልተፈጨ ፍሬ ቀጥታ የፈላ ውሃ ውስጥ ገብቶ ለአሥር ደቂቃ ከቆየ በኋላ የሚፈጭ። ማሟሟያው ውሃ ሆኖ ኤንዛይሙ የሞተበት ስለሚሆን፣ ነጥቦቹ ከሜታኖሉ ጎን ዝቅ ብለው ከቆሙ ልዩነቱን ያመጣው ማሟሟያው ሳይሆን ኤንዛይሙ መሆኑ በዚያው ሳህን ላይ ይታያል።