ቡቺ የሚያውቀው በር

የቡቺ ዓይን ከጠፋ ሁለት ዓመት ሊሞላው ነው። ጠዋት ከቤት ስንወጣ ትከሻውን እግሬ ላይ ጣል አድርጎ፣ ቀስ እያለ ነው የሚሄደው። የመናፈሻው የብረት በር ጋ ስንደርስ ግን ሌላ ውሻ ይሆናል። የመጀመሪያውን በር ከኋላችን ዘግቼ፣ በሁለቱ በሮች መካከል ቆመን ማሰሪያውን ስፈታለት ጅራቱ አጥሩን ቃ ቃ ያደርገዋል። ሁለተኛው በር እንደተከፈተ ማንም ሳይመራው በቀጥታ ወደ ትልቁ ዛፍ ሄዶ ግንዱን ያሸታል፤ ከዚያ አጥሩን እየታከከ ይዞራል። አግዳሚ ወንበሩን አንድም ቀን ገጭቶት አያውቅም።

ባለፈው ሳምንት በሩ ላይ ወረቀት ተለጥፎ አገኘን። የውሾቹ መናፈሻ ሊዛወር ነው። እዚህ የመኪና ማቆሚያ ይሠራል፤ ለውሾቹ ከትልቁ መንገድ ማዶ «በስፋት እጥፍ የሆነ» ቦታ ተዘጋጅቷል ይላል።

እጥፍ የተባለውን ቦታ ሄጄ አየሁት። በእግር ሠላሳ አምስት ደቂቃ ፈጀብኝ፤ ቡቺን ይዤ ቢሆን ከአንድ ሰዓት በላይ ይሆን ነበር። አጥር ገና አልታጠረም፣ እሱ ይታጠራል። ዛፍ ግን አንድም የለም። ቦታውን የሚያዘጋጁት ሰዎች ችግኝ እንተክላለን ብለዋል፤ እኛ ጋ ያለው ዛፍ ግን እኔ ሰፈሩ ከመግባቴ በፊትም ትልቅ ነበር። አየሩ 25 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ብቻ ሆኖ ፀሐይ ሲመታው የዋለ አስፋልት ከ50 ዲግሪ በላይ ሊግል ይችላል፤ ወደዚያ ሜዳ የሚያደርሰው መንገድ ደግሞ ከዳር እስከ ዳር አስፋልት ነው። ውሻ እንደኛ ገላው አያልበውም። ጥቂት በመዳፉ ይወጣለታል እንጂ የሚበርደው በማለክለክ ነው። እዚያ ጠጠር ላይ ቆሜ ያሰብኩት የቡቺን መዳፍ ነው።

ስለ ዝውውሩ በተጠራው የሰፈሩ ስብሰባ ላይ አንዱ ኃላፊ «ውሻ ቦታ አይመርጥም፣ ቶሎ ይለምዳል» አሉ። ጤነኛና ወጣት ውሻ ሊለምድ ይችላል። ግን የሰው አፍንጫ ስድስት ሚሊዮን ያህል የሽታ ተቀባይ ሲኖረው የውሻ እስከ 300 ሚሊዮን ይደርሳል ይባላል። ላየ ሰው ባዶ ሣር የሚመስለው መሬት ለቡቺ ማን እንደመጣ፣ ማን እንደቀረ፣ ማን እንደታመመ የሚነግረው ነው። ዓይኑ ሲጠፋ የቀረለት ይህ ነው።

«በመኖሪያ ቤቶች መካከል የውሻ መናፈሻ የትም አይሠራም» ያሉም ነበሩ። ይህ ልክ አይደለም። በአሜሪካ የመጀመሪያው እንደሆነ የሚነገርለት የውሾች መናፈሻ፣ ኦሎኒ፣ እ.ኤ.አ. በ1979 በካሊፎርኒያዋ በርክሌይ ከተማ የተከፈተው ሰው በሚኖርበት ሰፈር ነው። ከአርባ ዓመት በላይ ቆይቷል።

ግን ጎረቤቶቹን አልኮንንም። ሌሊት ስትሠራ አድራ የምትገባ አንዲት ነርስ ተነስታ፣ ገና ጎኗን ከማሳረፏ ጩኸት እንደሚጀምር ስትናገር ድምፅዋ ይንቀጠቀጥ ነበር። እውነቷን ነው። እኔም ገና ጎህ ሳይቀድ ከሚገቡት አንዷ ነበርኩ፤ ከዚያ ቀን ወዲህ አርፍጄ ነው የምሄደው። ስለ ቆሻሻውም የተነሳው ልክ ነው። የውሻ ዓይነ ምድር ውስጥ የሚገኙ የአንዳንድ ትሎች እንቁላሎች አፈር ውስጥ ለዓመታት መቆየት ይችላሉ፤ ልጆች የሚጫወቱበት ሜዳ አጠገብ ያለን ሰዎች ሳናነሳ መሄዳችን ነውር ነው። መፍትሔውን ግን እዚሁ ልናመጣው እንችላለን፦ በሩ ዘግይቶ ይከፈት፣ መግቢያው ከቤቶቹ ርቆ በወዲያኛው በኩል ይዙር፣ አጥሩ ሥር ጥቅጥቅ ያለ ቁጥቋጦ ይተከል። ለማጽዳቱም ተራ ይውጣልን፤ እኔ የመጀመሪያውን ሳምንት እወስዳለሁ።

ከስብሰባው ሁሉ ያልረሳሁት ጋሼን ነው። ሰማንያን ያለፉ ሰው ናቸው፤ ከሚስታቸው የቀረችላቸውን ትንሽ ውሻ ይዘው በየቀኑ ይመጣሉ፣ አግዳሚው ላይ ተቀምጠው የሁላችንንም ውሾች በስማቸው ይጠራሉ። የእኛን ስም ግን አያስታውሱም፤ እኔን «የቡቺ እናት» ነው የሚሉኝ። ብርድ ሆኖ ሁለት ቀን ከቀሩ ማንኛችንም ሄደን በራቸውን እናንኳኳለን። ያን ዕለት ምርኩዛቸውን ተደግፈው ተነሱና አንድ ነገር ብቻ ጠየቁ፦

«አዲሱ ቦታ መቀመጫ አለው?»

«በሁለተኛው ምዕራፍ ይታያል፣ አባባ» ተባሉ።

ራሳቸውን ነቅንቀው ተቀመጡ። እኔ ደግሞ ለመናገር የጻፍኩት ወረቀት እጄ ላይ እያለ መናገር አቃተኝ።

ሁለተኛው ስብሰባ ሐሙስ ነው። በዚህ ጊዜ እናገራለሁ። ፊርማ የምናሰባስበው ጠዋት ጠዋት በሁለቱ በሮች መካከል ቆመን ነው፤ ለመፈረም ውሻ መኖር አያስፈልግም። ነርሷንም ትናንት ቤቷ ሄጄ የሰዓቱን ሐሳብ አሳየኋት። አነበበችውና «እስከ ረቡዕ ላስብበት» አለችኝ።