የባሕር ሥር ነዳጅ ለማስቆም በርሜል ውስጥ የሞከርኩት

እ.ኤ.አ. በ2010 የሜክሲኮ ባሕረ ሰላጤ ውስጥ ነዳጅ ሲፈስ፣ «እኔ ብሆን እንዲህ አደርግ ነበር» ያላለ ሰው የነበረ አይመስለኝም። ጉድጓዱን ያስቆፍር የነበረው የነዳጅ ኩባንያ ቢፒ ከማንኛውም ሰው ሐሳብ እቀበላለሁ ብሎ ነበር፤ ከ120,000 በላይ ጥቆማ ጎረፈለት። ከዚያ ሁሉ ክምር ውስጥ አንዱ የኔ ነው። እንዴት እንደደረስኩበትና ምን እንዳስተማረኝ ልንገራችሁ።

ነገሩን ለማያስታውስ፦ ኤፕሪል 20 ቀን ዲፕዋተር ሆራይዘን የተባለው የቁፋሮ መድረክ ከሉዊዚያና ዳርቻ 66 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቆ ፈነዳ። 11 ሠራተኞች ሞቱ። መድረኩ ከሁለት ቀን በኋላ ሰጠመ። ጉድጓዱ 1,500 ሜትር ውሃ ሥር አፉን ከፍቶ ቀረ። አናቱ ላይ ለዚሁ ክፉ ቀን የተተከለ ግዙፍ መዝጊያ ነበረ። እሱም አልዘጋም።

ሥራዬ የውሃ መስመር ነው። ስለዚህ ጓደኞቼ ወሬውን በሰሙ ቁጥር ወደኔ ይዞራሉ። አንዱ «ሲሚንቶ ይድፉበትና ይገላገሉ» ይላል። ሌላው «ኑክሌር ያፈንዱበት» ይላል። ይሄኛው እንኳ ከሜዳ የመጣ አልነበረም። ሶቪየቶች እ.ኤ.አ. በ1966 ኡዝቤኪስታን ውስጥ ኡርታ ቡላክ የተባለ ቦታ ሦስት ዓመት ገደማ ሲነድ የቆየን የጋዝ ጉድጓድ ከመሬት በታች ኑክሌር አፈንድተው ዘግተዋል። ግን ያ ደረቅ መሬት ላይ ነው። ባሕር ሥር ተሞክሮ ቀዳዳው አንድ መሆኑ ቀርቶ መቶ ቢሆንስ? ማን ይጠየቃል?

ፀጉር በስቶኪንግ ጠቅጥቆ ነዳጁን ማስመጠጥ የሚል ሐሳብም ነበረ። በየቦታው ሰው ፀጉሩን እየተቆረጠ ልኳል። የፊልም ተዋናዩ ኬቪን ኮስትነርም ውሃና ዘይት የሚለይ ማሽን ይዞ መጥቶ፣ ቢፒ 32 አዝዞታል። ጥሩ። ግን እነዚህ የፈሰሰውን ለማጽዳት ናቸው። የሚፈሰውን አያቆሙም። ሁለቱን መለየት ቀላል ይመስላል፤ እኛ ግን ስንከራከር ሁሌ እናምታታቸው ነበር። እኔ ማቆሙን መረጥኩ።

አንድ በርሜል ሥሩን በሳሁት። በቀዳዳው ወፍራም የውሃ ጎማ አስገብቼ በደንብ አሸግኩት። የጎማውን ሌላ ጫፍ ከፓምፕ ጋር አያያዝኩ። ውሃው እንዲታየኝ ቀለም ጨመርኩበት። ከጉድጓዱ የሚወጣው ነዳጅ ብቻ ስላልነበረ፣ ብዙ ጋዝም ስለነበረበት፣ በብስክሌት ጎማ መንፊያ አየር የማስገባበት ቀጭን መስመርም ቀጠልኩለት። ከዚያ በርሜሉን ውሃ ሞላሁት።

መጀመሪያ የሲሚንቶው ወዳጄ ተራ ደረሰ። እርጥብ ሲሚንቶ ስንለቅበት ውሃው በትኖት በርሜሉ አመድማ ሆነ። ወደ ቀዳዳው አንድም ነገር አልቀረበ። እሱ «ከባድ ድንጋይ ጨምርበት» አለ። ጨመርን። ውሃው በድንጋዩ ሥር ለሥር መንገድ ፈልጎ ወጣ።

ቀጥሎ የተቆረጠ ሃይላንድ አመጣሁ። ቂጡን ቆርጬ ገልብጬ ቀዳዳው ላይ ደፋሁት። ሐሳቡ፣ የሚወጣው ነገር በጠርሙሱ አንገት ተሰብስቦ በቱቦ ወደ ላይ እንዲሄድ ነው። ለጥቂት ጊዜ ደስ የሚል ነገር ሠራ። ቀዩ ውሃ ተሰብስቦ በቱቦው ወጣ። አየሩን ስለቅበት ግን ጠርሙሱ ሆዱ ተነፋ፣ ዘመመ፣ ከዚያ ብድግ ብሎ ወደ ላይ ተንሳፈፈ። ሁላችንም ሳቅን።

የቢፒ ሰዎች ግን አልሳቁም። ሜይ መጀመሪያ ላይ 100 ቶን ገደማ የሚመዝን የብረት ቤት በዚሁ ዘዴ አውርደው ነበር። እዚያ ጥልቀት ላይ ውሃው እጅግ ቀዝቃዛ ነው፤ ግፊቱም ከምንኖርበት 150 እጥፍ ይሆናል። በዚህ ሁኔታ ጋዙ ከውሃ ጋር ተዋህዶ ሃይድሬት የሚባል በረዶ መሰል ነገር ሠራ። በረዶው መውጫውን ደፈነ፣ ያንን የሚያክል ብረትም ሽቅብ ያነሳው ጀመር። የኔን ሃይላንድ ያነሳው አየር ነው፣ የነሱን በረዶ። ሁለታችንንም ያሸነፈን ግን ጋዙ ነው።

ሦስተኛው ሙከራ ውታፍ ነበር። እንጨት በጎማ ጠቅልዬ ቀዳዳው ውስጥ ወተፍኩ። ወረወረው። ደግሜ ወትፌ በሁለት እጄ ተጫንኩት። ቀጥ አለ! ወዲያው ከበርሜሉ ውጭ፣ ፓምፑ አጠገብ፣ የጎማው ማያያዣ ተፈናጥሮ ውሃው ግድግዳውን አጠበው።

ዕድሜያቸውን ሙሉ የውሃ ጉድጓድ ሲቆፍሩ የኖሩ አንድ ጎረቤት አሉኝ። ቆመው ሲያዩን ነበር።

«ጋሼ፣ ቆሞ ነበር እኮ፣ አዩት አይደል?» አልኳቸው።

«አየሁ ልጄ። ከላይ ደፈንከው፣ በጓሮ ወጣ። ጉድጓድም እንደዚሁ ነው። ግድግዳው ከተሰነጠቀ በየት በኩል እንደሚወጣ እግዜር ነው የሚያውቀው።»

ከዚያ በኋላ ያነበብኩት ሁሉ የሳቸውን ቃል የሚያጠናክር ሆነ። ጉድጓዱ መጨረሻ ላይ ሲዘጋ የተለካው ግፊት 6,700 ፒ.ኤስ.አይ. ገደማ ነበር። የመኪና ጎማ 30 አካባቢ ነው። የባሕሩን የራሱን ግፊት ቀንሼ፣ በመዝጊያው ቀዳዳ ስፋት አባዛሁት። አንድ ውታፍ እዚያ ተረግቶ ለመቀመጥ ከ500 ቶን በላይ የሚገፋውን ኃይል መቻል አለበት። በዚያ ላይ እሱ ቢችል እንኳ የጉድጓዱ ግድግዳ መቻሉ ሌላ ጥያቄ ነው።

እናም ሐሳቤን ገለበጥኩት። መጀመሪያ አታግደው፣ አሳልፈው። መሐሉ ክፍት የሆነ፣ ቫልቭ ያለው አንገት ሠራሁ። ውሃው በመሐሉ እያለፈ አንገቱ ጎማው ላይ ይቀመጣል፣ ይጠብቃል፣ ከዚያ ቫልቩ ቀስ እያለ ይዘጋል። ከመንገድ ላይ ስለማይቆምበት ግፊቱ አልወረወረውም። ሥዕሉን ሠርቼ ላክሁ። የመጣልኝ መልስ ትሁትና አጭር ነበር፤ ተመሳሳይ ሐሳብ ቀድሞ ታይቷል የሚል ይዘት ነበረው። ምንም ቅር አላለኝም። እንዲያውም መንገዱን ስቼ አልነበረም ማለት ነው ብዬ ኮራሁ።

ያው ሐሳብ ነው በመጨረሻ የሠራው። ጁላይ 12 ቀን 75 ቶን ገደማ የሚመዝን ባለብዙ መዝጊያ ክዳን፣ ነዳጁ በመሐሉ እየተንቦገቦገ ቦታው ላይ ተቀመጠ። ጁላይ 15 ቀስ በቀስ ዘጉት። ጎረቤቴ የፈሩትን መሐንዲሶቹም ፈርተውት ነበር። ግፊቱ ከ7,500 በላይ ቢወጣ ጉድጓዱ ጤነኛ ነው፣ ከ6,000 በታች ቢሆን በጎን እያፈሰሰ ነው ተብሎ ነበር። የተገኘው ቁጥር መሐል ላይ አረፈ! ልክፈተው ወይስ ልተወው? ፖል ሼይ የተባለ የአሜሪካ ጂኦሎጂካል ሰርቬይ ተመራማሪ ሌሊቱን ሲያሰላ አድሮ፣ ግፊቱ ያነሰው ክምችቱ ስለቀነሰ እንጂ ጉድጓዱ ስለተሰነጠቀ እንዳልሆነ አሳየ። ሳይከፈት ቀረ።

ከሁሉ የገረመኝ የጭቃው ጉዳይ ነው። ሜይ ወር ላይ ከባድ የቁፋሮ ጭቃ ከላይ በኃይል ገፍተው፣ የጎልፍ ኳስና የጎማ ቁርጥራጭ ሳይቀር ጨምረው ሞክረዋል። የሚወጣው ነዳጅ ጭቃውን ጠርጎ አወጣው። ኦገስት ላይ፣ ክዳኑ ፍሰቱን ካቆመ በኋላ፣ ያንኑ ዓይነት ጭቃ በዝግታ ሲለቁበት ዝም ብሎ ወረደ። በሜይ ስንስቅበት የነበረው ሐሳብ ስህተቱ ጊዜው ላይ ነበር። ሴፕቴምበር 19 ደግሞ ከጎን በተቆፈረ ሌላ ጉድጓድ በኩል ሲሚንቶ ገብቶ ነገሩ ተዘጋ። የሲሚንቶው ወዳጄ ይህን ሲሰማ ያደረገውን ጉራ አልነግራችሁም።

አሁንም እንዲህ ያለ ነገር ሲያጋጥም ሰዎች ሥዕል ይዘው ይመጡብኛል። የምጠይቀው ትንሽ ነው። እስኪገጠም ድረስ የሚፈሰው በየት ይሄዳል? ጋዙስ? ባይሳካ ነቅለን ሌላ መሞከር እንችላለን ወይስ መንገዱን ዘግቶብን ይቀራል? ብዙው ሥዕል ሁለተኛው ጥያቄ ላይ ይወድቃል።

ጎረቤቴ የኔን አንገት ሲያዩ የጠየቁኝ ግን ሌላ ነው። «እዚያ ሰው አይወርድም አላልክም? ታዲያ ያ ሮቦት ምኑን ይዞ ነው የሚያዞረው?» በእርግጥም እዚያ ጥልቀት ላይ ሥራው ሁሉ የሚሠራው ከላይ በሚታዘዙ ሮቦቶች ክንድ ነው፤ የቫልቩ እጀታም ለዚያ ክንድ ተብሎ ይሠራል። አሁን የባሕር ሥር ዕቃ ስስል ከእጀታው ነው የምጀምረው።